አሥራ አራት ወር «አለ»

ኑ፣ ጠጋ በሉ ልጆቼ። ያቺ በርጩማ አንድ እግሯ አጭር ናት፤ ወደ ግድግዳው አስጠግታችሁ ተቀመጡባት። ዛሬ ቁልፍ የሚያስቀርጽ ሰው ብዙም የለም፤ ቢመጣም ይጠብቀን። ይህን ነገር ሳልነግራችሁ ብሄድ አፈሩ ይከብደኛል። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ነገር ማሳመር አልችልበትም። የሆነውን ግን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝና።

ጓደኛዬን ቦቴ እንለው ነበር። በወታደርነታችን ዘመን የውሃ ቦቴ ይነዳ ስለነበር ነው። ሆዱም ትንሽ ረድቶታል። እሱ ስሙን ወዶት ነበር። «ሌላው ጥይት ይዞ ይመጣል፣ እኔ ውሃ ይዤ እመጣለሁ፤ ማንን ይወዱታል?» ይል ነበር። እኔን ደግሞ «መዝገብ» ይለኛል። ጽሕፈቴ ያምር ስለነበር የካምፑን የስም ጥሪ መዝገብ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ሥራው ከባድ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ስም ይጠራል፤ ሰውየው ካለ ከስሙ ትይዩ «አለ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ከሌለ «የለም»፣ ምክንያቱን በጎን። ከሰዓት አለቃው ይፈርምበታል፤ ሳያነበው።

ዳቦም የሚወጣው በዚያው መዝገብ ነው። «አለ» የተባለ ባለትዳር ወታደር፣ ሚስቱ በሳምንት አንድ ቀን የካምፑ በር ላይ መጥታ ሰባት ዳቦ ትወስዳለች። ለሰላም ማስከበር ባሕር ማዶ የተላከ ሰው ግን ከእኛ መዝገብ ይሰረዝና የቤተሰቡ ቀለብ በዋናው መሥሪያ ቤት በኩል ይዞራል። ዞሮ እስኪደርስ አራት ወርም አምስት ወርም ይፈጃል። እስከዚያ ሚስትና ልጅ ምን ይብሉ? ስለዚህ እኛ ጸሐፊዎች አንድ ልማድ ነበረን፤ ማንም አላስተማረንም። ሰውየው ከሄደም በኋላ ወረቀቱ እስኪመጣ ድረስ «አለ» እያልን እንቆይለታለን። ስሙ ሲጠራ ከኋላ አንዱ «አቤት» ይልለታል። ወረቀቱ ሲደርስ እንዘጋዋለን። ጽድቅ የሠራን ይመስለን ነበር፤ ጽድቅም ነበር መሰለኝ።

ቦቴ መሄዱ ድንገት ነበር። የሚሄደው ሾፌር ከመኪና ላይ ወድቆ ክንዱን ሰበረ፤ መርከቡ በማግሥቱ ነው የሚነሣው፤ ቦቴን ተካው አሉት። ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍሌ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

«መዝገብ።»

«አቤት።»

«ነገ ባሕር ሊያሻግሩኝ ነው። እኔ ኩሬ አይቼ የምፈራ ሰው።»

«የውሃ ሰው አይደለህ እንዴ?»

«የታሸገ ውሃ ነው የማውቀው።» ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ሚስቴ ሦስተኛ ወሯን ይዛለች። ዳቦዋ እንዳይቀርባት፤ አደራ።»

«አይቀርባትም።»

«ላንተ መዘዝ እንዳይሆን ግን።»

«ሂድ ባክህ፣ ለማን ያላደረግነውን ነው?» አልኩት።

ሚስቱንም ለማንም እንዳትናገር መከርናት፤ ለእናቷም ቢሆን። ቃሏን ጠበቀች፤ ሳምንት በሳምንት መጥታ ወሰደች። የበሩ ዘበኛ ነገሩን ስለሚያውቅ ከሰባቱ አንዷን ለአፉ ማሰሪያ ያስቀር ነበር። ዝም አልነው። አንድ ዳቦ ምን አላት ብለን።

እንግዲህ የሌሎቹ ሁሉ ወረቀት መጣ፤ የቦቴ ግን አልመጣም። የመጨረሻ ቀን የተተካ ሰው ነው፤ ስሙ የገባው የመርከቡ ዝርዝር ላይ በእጅ ተጽፎ ብቻ ነው። በሦስተኛው ወር ደግሞ አዲስ አለቃ ተሾመልን፤ እያነበበ የሚፈርም ዓይነት። በጎረቤት ካምፕ ያለ አንድ ጸሐፊ በዚሁ በ«አለ» ጉዳይ ታሰረ። እኔ ታዲያ ምን ላድርግ? «ሄዷል» ብዬ ልጻፍ ብል፣ «ያለፈውን ሦስት ወር ዳቦ ማን በላው?» ሊባል ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። በየጠዋቱ «አለ» አልኩ። እጄ ለመደው። የሙሽራ ልብስ የምጠልፍ ይመስል አሳምሬ ነበር የምጽፈው።

ሚስቱ በወሊድ ሞተች። ልጅቱ ተረፈች፤ ከዚያ ወዲያ ዳቦውን አማቱ ሰው እየላከች ታስወስድ ነበር።

አማቱ ሰው ልካ ነበር። ዘበኛው «ሥራ ላይ ነው» ብሎ መለሰው። ቀብሩ ላይ እኔ ሄድኩ፤ ከካምፑ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ከኋላ ቆሜ ነበር፤ አማቱ አየችኝና በሰው መሀል ተጋፍታ መጣች። «የት አለ?» አለችኝ። ልጆቼ፣ ያን ጊዜ አንድ እውነተኛ ቃል ብወረውርላት ኖሮ ዛሬ እዚህ ተቀምጬ ይህን አላወራላችሁም ነበር። «ጥበቃ ላይ ነው፣ አልተፈቀደለትም» አልኳት። እሷም «አንድ ሰዓት መንገድ» አለች። ጠዋት ከመሄዴ በፊት መዝገቡን ሞልቼ ነበር። በዚያችም ቀን «አለ» ነው የሚለው።

ቦቴ የተመለሰው በአሥራ አራተኛው ወር ነው። የሚስቱን ሞት በእኔ ደብዳቤ ሰምቶ ነበር፤ ደብዳቤው ሁለት ወር ዘግይቶበታል። በተመለሰ በማግሥቱ ስሙ ሲጠራ ራሱ «አቤት» አለ፤ እኔም «አለ» ብዬ ጻፍኩ። የዚያን ቀኑ እውነት ነበር።

አማቱ በር ዘጋችበት። «ባሕር ማዶ ነበርኩ» ቢላት፣ «ዳቦህ በስምህ ሳምንት ሳይጓደል ሲመጣ አልነበረም ወይ?» አለችው። እኔ ልንገራት ስል እሱ ከለከለኝ። «አንተ ሦስት ልጆች አሉህ፤ እስር ቤት ገብተህ ማን ያሳድጋቸው? ውሎ አድሮ ይገባታል።» ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል፤ እኛ አደረቅነው፣ አራቅነው። አማቱ ሳይገባት ሞተች። ልጅቱን እስከዚያው አሳድጋ፣ የምታውቀውን ሁሉ አስተምራት ነበር፤ ይህንንም ጭምር።

ልጅቱ ልብስ ሰፊ ሆነች። የራሷን ሱቅ ከፈተች፤ አገባች። አባቷ አልፎ አልፎ ሄዶ ያያታል። ወንበር ትሰጠዋለች፤ ግን «እርስዎ» ነው የምትለው፤ እንደ ደንበኛ። ከዕለታት አንድ ቀን፣ የመጀመሪያ ልጇን ባረገዘች ጊዜ፣ ጨርቅ እየቆረጠች ቀና ሳትል ጠየቀችው።

«እኔ ስወለድ የት ነበሩ?»

«ባሕር ማዶ።»

«ይህን በቃል ሰምቼዋለሁ። ወረቀት ያምጡልኝ። ወረቀቱ ባሕር ማዶ ነበር ካለ፣ ይሄ የሚወለደው ልጅ አያቴ ይልዎታል። ካላለ ግን፣ ከእንግዲህ እዚህ ደጅ አይምጡ።»

ቦቴ ደስ አለው፤ ትሰማላችሁ? ደስ አለው። መንግሥት የት እንደነበረ ያውቅ የለ? አመለከተ፤ የአገልግሎት ማስረጃው በታሸገ ፖስታ ወጣለት። ራሱ አልከፈተውም፤ «ራሷ ትቅደደው» ብሎ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ወሰደላት። በመቀስ ቀደደችው። ጮክ ብላ አነበበችለት። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ ከካምፑ ሳይለይ በሥራ ገበታው ላይ ነበረ። መልሳ አጠፈችውና እጁ ላይ አኖረችለት።

«አንድ ሰዓት መንገድ» አለችው። የአያቷ ቃል ነው።

ከዚያ በቀጥታ እኔ ጋ መጣ፤ እዚህ። ያኔም ይህችው በርጩማ ነበረች። ቁልፍ እየሞረድኩ ነበር፤ ማሽኑን አጠፋሁት።

«መዝገብ፣ ‹አለ› ይለኛል» አለኝና ወረቀቱን ሰጠኝ።

ወረቀቱን አነበብኩት። የእኔ አሥራ አራት ወር ነው፤ አንድም ቀን አልጎደለም።

«እኔ ነኝ የገደልኩህ» አልኩት።

«ለምኜህ ነው ያደረግከው። ዳቦውንም በልተውታል፤ ልጄ ከዚያ ዳቦ በሆነ ወተት ነው ያደገችው... አይ፣ እናቷስ አላጠባቻትም። እርግዝናው ላይ ማለቴ ነው።» ፊቱን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ። «ተነሣ፣ እናሳርመው። የሰው እጅ የጻፈውን የሰው እጅ ያርመዋል።»

የእርማት ክፍል የሚባል አለ፤ አራተኛ መስኮት። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ አግዳሚዎቹ በተቀመጠ ሰው ብዛት መሀላቸው ጎብጧል። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ደግ ነበረች፤ ጉንፋን ይዟት በሶፍት አፍንጫዋን እየጠረገች ነው የሰማችን።

«አባቶች፣ የመርከቡን ዝርዝር ነው ማየት ያለብን። እሱ ደግሞ ምድር ቤት ነበር፤ ውሃ ገብቶ ሁሉንም አበስብሶታል። የተረፈው የካምፑ መዝገብ ብቻ ነው።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ ሳመላልስ ኖሬ፣ ውሃ ይብላኝ?» አለ ቦቴ።

ሣቀች። ሌላ ማስረጃ ካለን ጠየቀችን። ፎቶ አሳያት፤ ከቦቴው ጎን ቆሞ፣ ከኋላው ሰማይ ብቻ።

«ይሄ የትም ሊሆን ይችላል፣ አባቴ።»

ቦቴ በዚያ አገር ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረ። ልጅቷ ትርጉሙን ጠየቀችው።

«ውሃው አልቋል፣ ነገ እመጣለሁ ማለት ነው።»

«ከማን ተማሩት?»

«ከጠማቸው።»

ልጅቷ ጻፈችው፤ እግዜር ይስጣት። ግን ቅጹ ላይ ለእንዲህ ያለ ነገር ቦታ የለውም። አብረውት የተሻገሩ ሁለት ምስክሮች አምጡ አለችን። ብንፈልግ አራቱ ሞተዋል። አምስተኛውን ልጁ ቤት አገኘነው፤ ቦቴን አይቶ «ውሃ የሚያመጣው ልጅ» ብሎ እጁን ሳመው፤ አገሩን ስንጠይቀው ግን የት እንደነበረ አያውቅም፤ የገዛ ልጁንም አያውቃትም። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ፊት ቀረብኩ። ሰብሳቢው መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ከስንት ዓመት በኋላ ሳየው፣ ልጆቼ፣ ጽሕፈቴ አሁንም ያምር ነበር።

«ይህ የእርስዎ እጅ ነው?»

«አዎ ጌታዬ።»

«አለ ነው የሚለው?»

«አዎ።»

«እርስዎ አሁን አልነበረም እያሉ ነው። ያኔ ነው የዋሹት ወይስ አሁን?»

«ያኔ።»

«ለምን?»

«ለዳቦ።»

ከሦስቱ አንዷ ሴት ነበረች፤ ብዕሯን አስቀመጠች። ሰብሳቢው ግን መመሪያ አነበበልኝ፤ ጸሐፊ በእጁ የጻፈውን በአፉ አያፈርስም። እኔም «እንግዲያው ክሰሱኝ» አልኩ። «ሐሰተኛ ሰነድ ጽፌያለሁ፤ ፍረዱብኝ። ፍርዱ ላይ ዋሽቷል ተብሎ ይጻፋል፤ እሱን አያይዛችሁ መዝገቡን አርሙት።» ሦስት ሌሊት አስቤበት የመጣሁት ብልሃት ነበር።

ተያዩ። «አባቴ፣ ጊዜው አልፎበታል» አለኝ ሰብሳቢው። «ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ በዚህ ሰው አይከሰስም።»

አያችሁልኝ? ውሸቴ ለቅጣት አርጅቷል፤ ለመታመን ግን አላረጀም። ውሳኔው በደብዳቤ ይደርሳችኋል ብለው አሰናበቱን። አድራሻ ሲጠይቁን ቦቴ የዚህችን የእኔን ሱቅ ሰጠ።

ኮሪደሩን ስንወጣ ቦቴ ሳል ያዘው፤ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉሃል እንዲህ ነው» አለኝና ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። እሱ እኔን ሊያጽናና!

ቦቴ ሳያውቅ ወደ ልጅቱ ሱቅ ሄድኩ። ሆዷ ገፍቶ ከስፌት መኪናው ራቅ ብላ ነው የተቀመጠችው። ሁሉንም ነገርኳት፤ መርከቡን፣ መዝገቡን፣ ቀብሩ ላይ ለአያቷ የመለስኩትን። እየሰፋች ሰማችኝ። አንዴ ብቻ መኪናውን አቆመች።

«እናቴ የተቀበረች ቀን ምን ብለው ጻፉ?»

«አለ ብዬ።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ጋሼ፣ ጓደኛው ነዎት። ያኔ ለእሱ ብለው ከዋሹ፣ ዛሬ ለእሱ ብለው እንደማይዋሹ በምን ልወቅ?»

ኮሚቴው የጠየቀኝን ነው የጠየቀችኝ። ወደ በሩ ስሄድ «ደረጃው ይጥልዎታል፣ ቀስ ይበሉ» አለችኝ። ክፉ ልጅ አይደለችም። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

ቦቴ ደብዳቤውን ስምንት ወር ጠበቀ። በየሳምንቱ እዚህ ይመጣል፤ አይጠይቀኝም፤ ይቀመጥና የቁልፎቹን ሰሌዳ ያያል። ልጇ መወለዱን ከሰው ሰማ። ወንድ ነው አሉት። «አያት የሌለው ሰው አለ እንዴ?» አለኝ አንድ ቀን፣ ድንገት። «አለ» አልኩት፤ ምን ልበል። በዝናቡ ወራት ሳንባው ጠናበት። የሞተው ረፋድ ላይ ነው፤ እጁ በእጄ ነበር። ስለ መዝገቡ አላነሣም። «ውሃ» ብቻ አለ፤ ሰጠሁት።

ቀብሩ ላይ ከቀድሞ ወታደሮች ማኅበር የመጣ ሰው የሕይወት ታሪኩን አነበበ። ታሪኩን የገለበጠው ከዚያው ማስረጃ ነው። «የአገልግሎት ዘመኑን ከምድቡ ሳይለይ በካምፑ ውስጥ በታማኝነት የነበረ» ሲል ከአፌ አመለጠኝ። «አልነበረም» አልኩ፤ ጮክ ብዬ። ሰው ዞሮ አየኝ። አንድ ጎረቤት ክርኔን ያዘና «አይዞዎት ጋሼ፣ ሐዘን ነው» አለኝ። አንባቢው ካቆመበት ቀጠለ።

ሰው ሲበተን ልጅቱ ከኋላ ቆማ ነበር። ሕፃኑን አዝላዋለች። ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ፣ በሳምንት የሚሰጠው ዳቦ ስንት ነበር?»

«ሰባት።»

«ቤት የሚደርሰው ስድስት ነበር። አያቴ እስክትሞት ድረስ አልረሳችውም። አባትሽ ከናትሽ አፍ አንዷን ነጥቆ ይበላ ነበር፤ ስምንት ወር ሲሞላሽ አፍሮ ሰባት አደረገው ትለኝ ነበር።»

ልጆቼ፣ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ዘበኛው ነው» አልኳት። «አባትሽ እንደሌለ ስለሚያውቅ ለዝምታው አንዷን ያስቀር ነበር። ስምንተኛው ወርሽ ላይ አባትሽ ከባሕር ማዶ ተመለሰ፤ ዘበኛውም የሚደብቀው ነገር አልቀረውም።»

ሕፃኑ ጸጉሯን ይጎትታል።

«ይህን ለምን እሱ በሕይወት ሳለ አልነገሩኝም?»

«ረስቼው ነበር። አንዲት ዳቦ ናት፤ መዝገብ ላይ አልገባችም።»

አመንኩ አላለችኝም። እኔም አላስጨነቅኳት። ሕፃኑን ከጀርባዋ አወረደችና አቀፈችው፤ ፊቱን ወደ አፈሩ ክምር አዞረችው፤ እንዲያ አድርጋ ትንሽ ቆመች። «አባቴ ስድስት ብቻ እንደሚደርሰን አላወቀም?» አለችኝ። አባቴ ስትል የሰማኋት ያን ጊዜ ነው፤ የሰማሁትም እኔ ብቻ ነኝ።

«አላወቀም» አልኳት።

ደብዳቤው ከሁለት ወር በኋላ እዚህ ደረሰ፤ በቦቴ ስም። የእርማት ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም ይላል። ይግባኝ የማለት መብትዎ የተጠበቀ ነው ይላል። ለልጅቱ ወሰድኩላት፤ አንብባ የስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ይግባኝ አልን፤ ባለጉዳዩ ራሱ ካልፈረመ አይሆንም አሉን።

ይኸው ነው። መዝገቡ አሁንም እዚያው መደርደሪያ ላይ አለ፤ ውሃ አልነካውም። ቦቴ እዚያ ውስጥ አሥራ አራት ወር ሙሉ፣ በቆንጆ ጽሕፈት፣ አለ። እኔ ሳልፍ መዝገቡን የሚከራከረው ሰው አይኖርም። ሕፃኑ ያድጋል፤ በዚህ መንገድ ያልፍ ይሆናል። አንድ ቀን ከእናንተ አንዱን ስለ አያቱ ቢጠይቅ፣ ወረቀት የላችሁም፤ ምንም የላችሁም። ብቻ እባካችሁ፣ እንዲህ በሉልኝ፦ ያን ጊዜ አያትህ እዚህ አልነበረም። ባሕር ማዶ ነበር፤ ለጠማቸው ውሃ ያመላልስ ነበር። ይህችን አትርሱብኝ፣ ልጆቼ።